ያልተቀረጸው ሳቅ

ጉዋሃቲ፣ ሜይ 9 ቀን 1994

ለተከበሩ አክስቴ ለኪሮንባላ፣

እግርዎን ነክቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ሆነልዎ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

መልስ ያዘገየሁብዎ ረስቼዎት አይደለም። ባዶ እጄን ከምጽፍ የምሥራች ይዤ ልጻፍ ብዬ ነው። ይኸው ያዝኩ! ፊልማችን «የሣሩ ልጅ» በዚህ ዓመት በአሳሜ ቋንቋ ከተሠሩት ሁሉ በልጦ ብሔራዊ ሽልማት አገኘ። ዜናው በሬዲዮ ከተነገረ ወዲህ ቤቴ በሰው ተጨናንቆ ሚስቴ ሻይ ማፍላት ሰልችቷታል። ይህ ግን ግማሹ ነው። ግማሹ እርስዎ ነዎት። ሲኒማ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት አክስቴ፣ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት በትወና አሸንፈዋል! በጁላይ መጨረሻ ዴልሂ ሄደው የብሩን ሎተስ ሜዳሊያ ከፕሬዚዳንቱ እጅ ይቀበላሉ። ዳኞቹ ምን አሉ መሰልዎ? «ይህች ሴት አትተውንም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ስለ ፎቶው ለጠየቁኝ፣ የልጅዎ የዲምቦ ፎቶ እኔ ዘንድ በደህና ተቀምጧል። የአበባውን ጉንጉን ያን ዕለት አውልቄ ጥዬዋለሁ። ያ ዝርክርክ ዕቃ ያዣችን የተዋናዩን ፎቶ ወንዝ ውስጥ ባይጥለው ኖሮ የልጅዎን ባልተዋስን ነበር። ካህኑ የልጅዎን ስም ጠርቷል ብለው አይጨነቁ። እኔም ሰምቻለሁ። ግን ፊልም ነው፣ አክስቴ። ካሜራው ሲቆም ሁሉም ነገር አብሮ ይቆማል።

ለዴልሂ የሚለብሱትን ከአሁኑ ያስቡበት።

ልጅዎ ሪቱል ፉካን

*

ማጁሊ ደሴት፣ ወንዙ መደፍረስ በጀመረ ሰሞን

ልጄ ሪቱል፣

እንኳን ደስ ያለህ። እናትህ በሕይወት ኖራ ይህን ብታይ ምንኛ ደስ ባላት። ደብዳቤህን ፖስተኛው ማንበብ ትችይ እንደሆን እንኳ ሳይጠይቀኝ ቀዶ ጮክ ብሎ አነበበው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ጎረቤቴ ማሎቲ «አንቺ ደግሞ እንደዚያ ማልቀስ የት ተማርሽ?» አለችኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት ተለማምጄ ነዋ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም፤ እኔም ተገላገልኩ።

ዴልሂ አልሄድም። ስለ ልብስም አላስብም። የማስበው ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ፖስተኛው ችኩል ሳትሆን አንብብልኝ።

ያቺ አማቴን ሆና የተወነችው ሴትዮ ካሜራው ፊት ሞታ ስትጨርስ፣ ከቃሬዛው አስነሥታችሁ ወደ ካሜራው እያየች እንድትስቅ አደረጋችኋት። «ምን ያስቃታል?» ስልህ፣ «አክስቴ፣ ይሄ የሙያችን ሕግ ነው፤ ሞቶ የተወነ ሰው ተነሥቶ ካልሳቀ ሞቱ ይጣበቅበታል» አልከኝ። ደግ አደረግህ፤ ለሷ ሳቋን ቀረጽክላት። በማግስቱ የእኛን የለቅሶ ሥርዓት አደረግን። ወጥቶ ለቀረ፣ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው እንደሚደረገው ከኩሻ ሣር የሰው ምስል ሠራን። በሕይወት ባለ ሰው ፎቶ ላይ ጉንጉን እንደማይሰቀል እያወቅን በዲምቦ ፎቶ ላይ ሰቀልን። ያ ካህን ተዋናይ አልነበረም፤ እውነተኛ ካህን ነው። የልጄን ስም ከነአባቱ ስም ጠርቶ፣ ምስሉን በስሙ አቃጠለው። ከዚያ አንተ «ጨረስን፣ ወደ ምሳ!» አልክ። ለዲምቦስ ማን ሳቀለት?

ልጄ ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር። ሳላውቅ እነዚህን አሥራ ሁለት ዓመታት በሩን ከፍቼ ጠበቅኩት። አሁን እናንተ ጋር ሆኜ በገዛ እጄ ዘጋሁበት። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

በቴሌቪዥን ሊታይ ነው አሉ። ያን ቦታ ቁረጥልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።

ዲምቦ ሲሄድ ምን ይዞ ነበር ብለህ በቀረጻው ጊዜ ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። ያኔም አልነገርኩህም፣ አሁንም አልነግርህም። ሁሉም ነገር ለካሜራ አይሰጥም።

አክስትህ

*

ጉዋሃቲ፣ ጁን 3 ቀን 1994

ለተከበሩ አክስቴ፣

እግርዎን ነክቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርስ ፊልሙ በቴሌቪዥን ታይቶ አልቆ ነበር። ቀድሞ ቢደርስም መቁረጥ አልችልም ነበር፤ ዳኞቹ ያዩትና የሸለሙት ፊልም እንዳለ መታየት አለበት። እውነቱን ከፈለጉ፣ ብችልም እጄ እሺ አይለኝም። ፊልሙን ያሸለመው ያ ቦታ ነው።

ሰው ግን እንዴት እንዳለቀሰ! ከካልካታ እስከ ደቡብ ጫፍ ድረስ ደብዳቤ ይጎርፍልኛል። አንድ ጋዜጠኛም መጥቶ ሁሉን ጠየቀኝ፤ የእርስዎንና የዲምቦን ታሪክ ከነፎቶው በትልቁ አወጣው። ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። መንደርዎንም ጽፎታል። ካስቀየምኩዎ ይማሩኝ፤ ግን በመልካም ጎኑ ይዩት። በደቡብ በኩል በጡብ ፋብሪካ የሚሠሩ የእኛ ልጆች ስንት ናቸው? አንዱ ጋዜጣውን አይቶ ለዲምቦ ቢነግረውስ?

ቃል እገባልዎታለሁ። ዲምቦ በመጣ ቀን ካሜራዬን ተሸክሜ ራሴ እመጣለሁ፤ ሳቁን እቀርጻለሁ። ያኔ የሙያውም ሕግ ይሟላል፣ እርስዎም ይተኛሉ።

ከዴልሂ ስለ ዝግጅቱ ጽፈውልኛል። ለእያንዳንዱ ተሸላሚ አንድ ሰው አስከትሎ መምጣት ተፈቅዷል። ማሎቲን ያስከትሉና ትታረቁ ይሆናል።

ልጅዎ ሪቱል

*

ማጁሊ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት

ልጄ ሪቱል፣

ደስ ይበልህ። ልጄ መጣ።

ከትናንት በስቲያ ረፋዱ ላይ ዝናብ እየጣለ ከወንዙ በኩል «እማ!» የሚል ሰማሁ። መንፈስ እንዳይሆን፣ ከወንዝ ለሚጣራ ድምፅ እስከ ሦስተኛው እንደማይመለስ ታውቃለህ። ሦስተኛውን ጠብቄ ወጣሁ። እንደበሰበሰ ግቢው መሃል ቆሟል። ገና ሲያየኝ «እማ፣ ያ የወደቅኩበት የማንጎ ዛፍ የታለ?» አለኝ። ወንዙ ወሰደው አልኩት። አገጩን ቀና አድርጎ ጠባሳውን አሳየኝ። «ባጉስ? ውሻችን ሞተ?» አለኝ። አዎ፣ ሞተ አልኩት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እኔ በፊልሙ ላይ ያንጎራጎርኳትን ዜማ አንጎራጎረልኝ፤ አንድ ቃል እንኳ አልሳተም። አቅፌው አለቀስኩ።

ብዙ ነገር ያስታውሳል። አንተ የምታውቀውን ሁሉ ያስታውሳል።

ካህኑ መጥቶ አይቶታል። በስሙ ምስል ተቃጥሎ ሥርዓቱ የተፈጸመለት ሰው እንደገና የመወለድ ሥርዓት ሳይደረግለት ቤት ገብቶ ከምድጃ አይበላም ብሏል። እስከዚያ ከቤቱ በታች፣ በምሰሶዎቹ መሃል የሽመና ዕቃዬ ካለበት ይተኛል። ምግቡን አወርድለታለሁ። አሁንም እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ ስጽፍልህ ያያል፤ ሰላም በልልኝ ብሎሃል።

ዴልሂ ለመሄድ ይፈልጋል። «አስከትለሽ የምትሄጂው እኔን ነው» አለኝ። እስቲ እናያለን። ሳትመልስልኝ እንዳትቀር።

አክስትህ

*

ጉዋሃቲ፣ ጁን 27 ቀን 1994

አክስቴ፣

ይህን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። አንብበው ሲጨርሱ ምድጃ ውስጥ ይክተቱት።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ በደስታ ዘልዬ ሚስቴን ጠራኋት። ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ማንጎው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ደግሜ አነበብኩት።

አክስቴ፣ በእርስዎ ግቢ ማንጎ ኖሮ አያውቅም። ግቢው በካሜራ ሲታይ ራቁቱን ሆነብኝ ብዬ ሰዎቼ ከጆርሃት ትልቅ የማንጎ ቅርንጫፍ ቆርጠው በጀልባ አምጥተው ተከሉት። በሦስተኛው ቀን ጠውልጎ ለማሎቲ ላሞች ጣልነው። እርስዎ ራስዎ «ሰው ለውሸት ይህን ያህል ይደክማል?» ብለው ስቀውብናል። ረሱት? ከዛፍ መውደቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠባሳውም ልጁን ሆኖ በተወነው ሕፃን አገጭ ላይ በቀለም የተሠራ ነው። ባጉ ደግሞ የመብራት ሠራተኛችን ውሻ ነው፤ ሰሞኑን እንኳ ነክሶኛል፣ አልሞተም።

ታዲያ ይህ ሰው ከየት አመጣው? ከፊልሙ ነው፣ አክስቴ። ከዚያና ከጋዜጣው ሌላ የነገረዎት ነገር አለ? ከፊልሙ ውጭ የሆነ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ ካስታወሰ ይጻፉልኝና እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሌለ ግን በሰበብ ያባርሩት። ቁልቁል ቤትዎ ስር መተኛቱን ሳስብ ያመኛል። ሰው አገጩን በምላጭ ሰንጥቆ የሚመጣው ለምን ነው?

ልብዎን እንደምሰብር አውቃለሁ። እርስዎ ደስ ብሎዎት፣ እኔም ታሪኩ አምሮልኝ ዝም ብል ይቀለኝ ነበር።

ሪቱል

*

ማጁሊ፣ ጁላይ 5

ወንድሜ ሪቱል፣

አንተ ከተማ ስላደግህ በጋዜጣ ከማየት በቀር አንተዋወቅም፤ ይህን የምጽፍልህ እኔ ዲምቦ ነኝ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት ስትቸገር አይቼ አዘንኩ። ከእንግዲህ የሚመጣላትን ደብዳቤ ከፖስተኛው ተቀብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። ያለፈውንም አንብቤላታለሁ። ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

አልተቀየምንህም። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ «ሪቱል ሥራ ይበዛበታል፤ የራሱንና የሰውን ያምታታል» ነው ያለችው። ማንጎው ነበረ፣ እኔም ወድቄበታለሁ፣ ለአንተም የነገረችህ እሷ ናት ብላለች። ውሾችም ስማቸው ይመሳሰላል። ያባርሩት ላልከው፣ እናት ልጇን የት ታባርረዋለች?

ይልቅ ለሁላችንም የሚበጀውን ላማክርህ። ጋዜጠኛው ደግሞ መጥቶ ነበር። «የተሸለመው ፊልም ልጅን ለእናቱ መለሰ» ብሎ ሊጽፍ ነው። ይህ ላንተም ክብር ነው። ሌላ ነገር እንዲጽፍ ከፈለግህ ደግሞ፣ በሐሰት ፊልም ሽልማት ስለተቀበለ ሰው ሊጽፍ ይችላል። እኔ ግን የሰው እንጀራ አልዘጋም። የሁለታችንን የባቡር ቲኬት ላክልን፤ መድረኩ ላይ ደግፌያት የምወጣው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ። እዚህ ሰዎች እንደ ሙት ያዩኛል። ሳልፍ መንገድ ይቀይራሉ፤ ማሎቲ ጥላዬ ላሟን እንዳይነካ ብላ ከደጅ አስገባቻት። እናቴም ቢሆን ካህኑን ፈርታ ቤት አታስገባኝም። ሞቶ የተወነ ሰው ከሳቀ ነፃ ይወጣል ብለሃታል አሉ። እንግዲያው ካሜራህን ይዘህ ናና ሳቄን ቅረጽልኝ። ሰዉም ይየው፣ ይለቀኝ።

እናቴ ሰላም ብላሃለች።

ዲምቦ

*

ጉዋሃቲ፣ ጁላይ 11 ቀን 1994

ለተከበሩ አክስቴና ለወንድሜ ለዲምቦ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ለጻፍኩት ሁለታችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዲምቦ እንዳለው ነው፤ ሥራ ሲበዛ ጭንቅላት ይዞራል። ማንጎው ትዝ ብሎኛል።

ሁለቱን ቲኬቶች ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ሳቁንም በደስታ እቀርጻለሁ። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ካሜራዬን ይዤ እመጣለሁ። ሁለት ረዳቶችም አብረውኝ ይመጣሉ። ከዚህ በፊት አላዩአቸውምና አይደንግጡ፣ አክስቴ፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ከባድ ዕቃ ማንሣት ለምደዋል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እንዳለ ይቆይ። ቸኩላችሁ የትም እንዳትሄዱ።

እግርዎን ነክቼ እሰናበታለሁ።

ሪቱል

*

ማጁሊ፣ የጀልባው ሥራ ሊቆም ሲል

ልጄ ሪቱል፣

ይህን በእጄ ነው የምጽፈው። ዓይኔ ደህና ነው፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት ያቃተኝ መስዬ የታየሁት እሱ እያየኝ ስለነበር ነው። ያለፈውን ደብዳቤህን ፖስተኛው ለኔው በድብቅ ሰጠኝ። ያ አፈ ሰፊ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት። ይህንንም የሚወስደው እሱ ነው።

ሞኝ አደረግኸኝ። ማንጎውን እረሳለሁ? ያን ቅርንጫፍ ሦስት ቀን ውኃ ያጠጣሁት እኔ አይደለሁ? ልጄን ልጄ ካልሆነው አልለይም? ያን የደስታ ደብዳቤ ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ እያንዳንዱን ቃል ያነብ ነበር። ስለዚህ እሱ ያለውን ብቻ፣ ከፊልሙ ያገኘውን ብቻ ጻፍኩልህ። ይገባሃል ብዬ ነው፤ ደግሞም ገባህ። ጠባሳው የመጣ ቀን ገና አልደረቀም ነበር።

ከፊልሙ ውጭ አንድ ነገር ካለ ይጻፉልኝ ብለኸኝ ነበር። አለ። እሱ ያለው አይደለም፤ ያመጣው ነው።

በሁለተኛው ቀን ልብሱን ላጥብለት ብዬ ቦርሳውን ስፈታ ከታች ጋሞሳ አገኘሁ። ያ ሁላችን ቤት ያለው፣ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ፎጣ። ጥለቱ ላይ ወፎች ተሰልፈው ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ ብቻ ዞራ ወደ ኋላ ታያለች። ዲምቦ ሲሄድ ሸምኜ አንገቱ ላይ የጣልኩለት ነው። ያቺን ወፍ አውቄ ነው ያዞርኳት፣ እንዲመለስ ብዬ። ሲሄድ ምን ይዞ ነበር ስትለኝ የደበቅኩህ እሱን ነው። በአንድ በኩል ደርቆ የጠቆረ እድፍ አለበት። የምን እንደሆነ ሴት ልጅ አይጠፋትም። አጠብኩት፣ አልለቅ አለ። እንደነበረ አጥፌ መልሼ ከተትኩት።

ስለዚህ ይህ ሰው ልጄ አይደለም። ልጄን ግን ያውቀዋል። መጨረሻውን ያየው እሱ ነው።

ባባርረው ምን አገኛለሁ? ልጄ የት እንደወደቀ ይዞብኝ ይሄዳል። ሁለቱ ጠንካራ ረዳቶችህ እነማን እንደሆኑ ገብቶኛል፤ አመሰግንሃለሁ፤ ግን አታምጣቸው። ቢያስሩት ለነሱ የሚናገረው ውሸት ነው። የለመደው እሱን ነው። እኔ የምፈልገው ቦታውን ነው። እዚያ ሄጄ አንድ እፍኝ አፈር አምጥቼ፣ የሣር ሳይሆን የራሱን የዲምቦን ሥርዓት አደርግለታለሁ።

ዛሬ የመጨረሻው ጀልባ ይሄዳል። ከዚያ ወንዙ እስኪጎድል ከደሴቱ የሚወጣ የለም። ከእኛ በቀር ያሉት ሰዎች ጎርፉን ሸሽተው ወደ ከፍታው ሄደዋል፤ ማሎቲም ላሞቿን ነድታ ሄደች፤ ስትሄድ «አንቺስ?» አለችኝ፤ እንግዳ አለብኝ አልኳት። ቲኬቶቹ አልደረሱም ብዬዋለሁ። ጀልባው መቼ ይመለሳል እያለ ይጠይቀኛል። ትናንት ደግሞ «ለምን እንደዚያ ታዪኛለሽ፣ እማ?» አለኝ። ብላ አልኩት። ዓሣው እስኪበርድ ድረስ አልነካውም። አንተ ለኔ ትፈራለህ፤ እዚህ የሚፈራው ግን እሱ ነው።

ጀልባው ከዓይን ሲሰወር ጋሞሳውን አውጥቼ ፊቱ እዘረጋለሁ። ከዚያ እጠይቀዋለሁ። ጊዜ አለን።

ዴልሂ ብቻህን ሂድ። የብሩን ሎተስ ተቀበልልኝና ከእናትህ ፎቶ ስር አስቀምጠው። ስሜን ሲጠሩና አንተ ብቻህን ስትወጣ የት ናት ብለው ይጠይቁሃል። ከልጇ ጋር ናት በላቸው።

ሳቁን እቀርጽልሃለሁ ብለህ ቃል የገባህለትን ተወው። የሞተ ሰው ሆኖ ቤቴ ገብቶ ተውኗል። የሙያችሁን ሕግ የነገርከኝ አንተ ነህ። ከመጣ ጀምሮ እየጠበቅኩት ነው፤ አንድም ቀን ስቆ አላየሁትም።

አክስትህ ኪሮንባላ